ያለ ጉልበት የቆመ ምሰሶ

ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳነሳ ኖሬያለሁ። የነርስ ሥራ መርፌ መውጋትና መድኃኒት ማደል ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በቀዶ ሕክምናና በአጥንት ክፍል ለሠራ ግን የቀኑ ትልቁ ሥራ ማንሳት ነው፤ ከአልጋ ወደ ቃሬዛ፣ ከቃሬዛ ወደ አልጋ፣ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ጎን። በሽተኛ ደግሞ እንደ ጤፍ ከረጢት አይደለም፤ ያመዋል፣ ይፈራል፣ ይወራጫል። በዲፕሎማ ትምህርታችን መጀመሪያ ላይ ከተማርናቸው ነገሮች አንዱ የራሳችንን ወገብ እንዴት እንደምንጠብቅ ነበር። ከመምህሮቻችን የበለጠ ያስተማሩን ግን ወገባቸውን ይዘው ጡረታ የወጡት ታላላቆቻችን ናቸው።

ስለዚህ ባለፈው ክረምት ሲያትል ወዳለችው ልጄ ዘንድ ስሄድ የቤቱ ጭቅጭቅ ሁሉ ስለ ማንሳት ሆኖ ሳገኘው ብዙም አልገረመኝም። የሚነሳው ነገር ሰው አልነበረም እንጂ። የጀልባ ምሰሶ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ። የልጄ ባል ተወልዶ ያደገው ባሕር ዳር ነው። ጣናን እያየ፣ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉትን እየተከተለ ያደገ ልጅ ውኃ ካላየ አይሆንለትም። ሲያትል ደግሞ ውኃ የከበባት ከተማ ናት። በምዕራብ በኩል ባሕሩ ገብቶባታል፤ በምሥራቅ በኩል ዋሽንግተን የሚባለው ረጅም ሐይቅ ተኝቷል። ሰማዩ ሲጠራ በረዶ የለበሰው የሬኒየር ተራራ ከሐይቁ ማዶ ይታያል። አማቼ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ሽማግሌ ጎረቤቱ ያረጀች ባለሸራ ጀልባቸውን በርካሽ ሲሸጡ ገዛት። ካታሊና 22 ትባላለች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1969 ጀምሮ ከ15 ሺህ በላይ የተሠራች፣ ስድስት ሜትር ተኩል ገደማ የምትረዝም፣ በመኪና ተጎታች ላይ ተጭና የምትሄድ የተራ ቤተሰብ ጀልባ ናት። የባለጸጋ መርከብ እንዳይመስላችሁ።

ጀልባን ወደብ ላይ አስሮ ለማቆየት የወር ኪራይ ይከፈላል። እነሱ የሚያቆሟት ጓሯቸው ውስጥ ነው። ቅዳሜ ሲሆን በመኪና ጎትተው ሐይቁ ዳር ይወስዷታል። ታዲያ ሰባት ሜትር ተኩል የሚረዝም የአልሙኒየም ምሰሶ አቁሞ በመንገድ መሄድ አይቻልም። ስለዚህ በሄዱ ቁጥር ሐይቁ ዳር ያቆሙታል፤ ሲመለሱ ያወርዱታል። የምሰሶው እግር የጀልባዋ ጎጆ ጣሪያ ላይ በማጠፊያ የተያዘ ነው፤ እንደ በር ይታጠፋል። ሲወርድ ወደ ኋላ ይተኛል፤ ጫፉም ከጀልባዋ ጀርባ አልፎ ይወጣል። የድሮ ሰዎች ይህን ምሰሶ ደቀል ይሉታል።

ይህች ጀልባ ለዚያ ቤት ምን እንደሆነች ለመረዳት ብዙ ቀን አልፈጀብኝም። የልጅ ልጄ 12 ዓመቷ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ አባትና ልጅ የሚነጋገሩት "በላሽ?"፣ "አዎ" ብቻ ነው። እሱ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስቶ ሥራ ይገባል፤ እሷ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ስልኳ ላይ ታቀረቅራለች። ቅዳሜ ግን ሁለቱ ጀልባ ላይ ናቸው። ልጄ እንደነገረችኝ የልጅቷ አማርኛ የሚፈታው እዚያ ነው። አባቷ ስለ ልጅነቱ የሚያወራውም እዚያ ነው።

በጸደይ ወራት ላይ አማቼን ወገቡ ያዘው። ሕመሙ ከወገቡ ተነስቶ በቀኝ እግሩ እስከ ተረከዙ ይወርድ ጀመር። በምርመራ የዲስክ መንሸራተት ተባለ። ሐኪሙም ሥራህን ቀስ እያልህ ቀጥል፣ ተንቀሳቀስ፣ ከባድ ነገር ግን አታንሳ አለው። ሰው የተከለከለውን ከመስማት ይልቅ ያልተከለከለውን ይሰማል። አንድ ቅዳሜ ልጅቷን ይዞ ሄደና ምሰሶውን እንደ ልማዱ ብቻውን ተሸክሞ ሊያቆም ሞከረ። እኩሌታው ላይ ሲደርስ ወገቡ ከዳው። ምሰሶው ወደ ጎን ተጥመዝምዞ ወደቀ፤ የጀልባዋን መከለያ ብረት አጎበጠ። ልጅቷ የቆመችው ከዚያ ብረት አንድ ክንድ ርቃ ነበር።

እኔ ስደርስ ጀልባዋ በሸራ ተሸፍና ጓሮ ቆማ፣ የሚሸጥ የሚል ወረቀት ተጽፎ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ልጄ "ትሂድልን" ትላለች፤ ፍርሃቷም ትክክል ነው። አማቼ ምንም አይልም። የልጅ ልጄ ደግሞ ክፍሏን ዘግታ ተቀምጣለች። በደረስሁ በሦስተኛው ቀን አጠገቤ መጥታ "እማማ፣ አባዬ በእኔ ምክንያት ነው የሚሸጣት?" አለችኝ። በወላጅ ዝምታ ውስጥ ልጅ የሚያነበው ሁልጊዜ የራሱን ጥፋት ነው። ይህን በሕፃናት ክፍልም ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

"በአንቺ አይደለም፤ በክብደት ነው። ነይ እስኪ እንመዝነው" አልኳት።

የመታጠቢያ ቤቱን ሚዛን ይዘን ጓሮ ወጣን። ምሰሶውን በአንድ ጫፍ አጋደምነውና የሌላውን ጫፍ ክብደት መዘንን፤ ቀጥሎ በተራው ያኛውን ጫፍ መዘንን። ሁለቱ ሲደመሩ ከነሽቦዎቹ 20 ኪሎ ገደማ ሆነ። ልጅቷ አላመነችም። "ይሄ ብቻ? አባዬ'ኮ ግንባሩ እስኪላብ ነው የሚያነሳው" አለች። አዎ፣ ይሄ ብቻ። የአንድ የአምስት ወይም የስድስት ዓመት ልጅ ክብደት ነው።

ከባድ የሚያደርገው ርዝመቱ ነው። የምሰሶው ክብደት ተሰብስቦ መሐሉ ላይ እንዳለ ቁጠሩት፤ ከማጠፊያው ሦስት ሜትር ከሰባ አምስት ማለት ነው። ሰውየው ደግሞ ጀልባዋ ላይ ቆሞ ሊይዘው የሚችለው ከማጠፊያው አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ርቆ ነው። 20 ኪሎን በ3.75 ስናባዛ 75 ይመጣል፤ 75ን ለ1.5 ስናካፍል 50 ኪሎ። ያውም በሚወዛወዝ ወለል ላይ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ወገብን አጣሞ። ለታመመ ዲስክ ከዚህ የከፋ አቋቋም ላስብ ብል አላገኝም። በሆስፒታል "ሸክሙን ወደ ሰውነታችሁ አስጠጉ" የምንለው በዚሁ ምክንያት ነው። ከደረት የተጠጋ ሕፃንና ክንድ ዘርግተው ከአልጋ ማዶ የሚያነሱት ሕፃን ኪሏቸው አንድ ቢሆንም ወገብ ላይ የሚያርፉት በተለያየ ክብደት ነው።

ልጅቷ ብልጥ ናት። "ታዲያ ከጀልባዋ አፍንጫ ላይ ሆነን በገመድ ብንስበውስ?" አለች። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ አንድ ችግር ግን አለበት። ምሰሶው ተኝቶ ሳለ ከፊት የሚስበው ገመድ ከምሰሶው ጋር ሊገጥም ምንም አይቀረውም። ገመዱ ከማጠፊያው 20 ሴንቲሜትር ብቻ ርቆ ቢያልፍ የሚያስፈልገው ኃይል 75 ሲካፈል ለ0.2 ነው፤ 375 ኪሎ። ማጠፊያው ይነቀላል እንጂ ምሰሶው አይነሳም።

እዚህ ላይ ጉልበቷን እንድትዳስስ አደረግኋት። ከፊት ያለችው ክብ አጥንት፣ እኛ ሎሚ የምንላት፣ ለምን እንደተፈጠረች ታውቂያለሽ? አልኳት። የጭን ጡንቻ እግርን የሚዘረጋው በዚያች አጥንት ላይ በሚያልፍ ጅማት ነው። ሎሚዋ ጅማቱን ከመገጣጠሚያው ገፋ አድርጋ ታሳልፈዋለች፤ በዚህም የጡንቻው ጉልበት ይበረክታል። ሎሚው በአደጋ ደቅቆ የወጣለት በሽተኛ እግሩን ቀጥ ለማድረግ ሲቸገር አይቻለሁ። ጡንቻው እያለ ማለት ነው። ለምሰሶውም የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ሎሚ ነው፤ ገመዱን ከማጠፊያው ከፍ አድርጎ የሚያሳልፍ።

ይህ እኔ የፈጠርሁት ነገር አይደለም። ባለ ተጎታች ጀልባ ሰዎች በየቤታቸው የሚሠሩት የታወቀ መሣሪያ ነው። ሐይቁ ዳር ሄደን ስንመለከት አንድ አዛውንት ባልና ሚስት ከብረት ቧንቧ የሠሩትን ሲጠቀሙ አየን፤ ጠይቀናቸውም በደስታ አሳዩን። ሁለት እግር ያለው፣ አናቱ ላይ የሚገጥም ነው። የልጅ ልጄ አየችውና "እማማ፣ ለ!" አለች። እውነትም የ"ለ" ፊደል ነው። በዚያ ሰሞን ፊደል አስቆጥራት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመሣሪያው ስም ለ ሆነ።

ልንሠራው እንደሆነ ስንነግረው አማቼ ፊቱን አዞረ። "እናቴ፣ እርስዎ ሊያርፉ ነው የመጡት። ደግሞ እኔ ቆሜ እያየሁ ሴትና ልጅ ምሰሶ ሲያቆሙልኝ…" አለና አልጨረሰውም። አልተቀየምሁትም። ወንድ ልጅ ወገቡን ሲታመም የሚያመው ወገቡ ብቻ አይደለም። በሥራ ዘመኔ ወገቡን ታሞ ተኝቶ በሌሊት የጎረቤቱን አልጋ ሊገፋ የተነሳ ገበሬ አውቃለሁ፤ ዝም ብሎ መተኛቱ ከሕመሙ ይልቅ አሳፍሮት ነው። "ልጄ" አልኩት፣ "አዋላጅ አትወልድም። ያለ እሷ ግን ቤቱ ሁሉ ይተራመሳል። አንተ የምታውቀውን ገመድና ሽቦ እኔ አላውቀውም። አንተ እዘዝ፤ እኛ እንሥራ።" መልስ አልሰጠኝም። በማግስቱ ግን መሰርሰሪያውን አውጥቶ በረንዳው ላይ አስቀምጦልን ሥራ ሄደ።

ሥራው እንዲህ ነበር። ሁለት ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ሞራሌ ገዛን። አናታቸውን አጋጥመን በአንድ ወፍራም ብሎን አሰርን። እግሮቻቸውን ከጀልባዋ ግራና ቀኝ፣ በተቻለ መጠን ከምሰሶው ማጠፊያ ጋር በአንድ መስመር፣ እንደ ልብ በሚተጣጠፍ ብሎን ያዝናቸው። እንጨቱ ጀልባዋን እንዳይፍቅ በአሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪያ ጠቀለልነው። ከ"ለ" አናት አንድ ገመድ ወደ ምሰሶው ጫፍ ይሄዳል፤ ሌላው ደግሞ በመዘውሮች ውስጥ እየተመላለሰ ከ"ለ" አናት ወደ ጀልባዋ አፍንጫ ይወርዳል።

መዘውሩ የእኔ የድሮ ወዳጅ ነው። በአጥንት ክፍላችን የጭን አጥንቱ የተሰበረ ሰው ለሳምንታት በትራክሽን ይተኛ ነበር። ከአልጋው በላይ ባለው ብረት ገመድ በመዘውር ያልፋል፤ በጫፉ የአሸዋ ከረጢት ይንጠለጠላል። የተመደበ ክብደት ሲጠፋ አሸዋውን በኪሎ መዝነን በሸራ ከረጢት እንሰፋ ነበር። ስለዚህ አማቼ መዘውሮቹን በትክክል ማለፉን ሲያጣራ እኔም አጠገቡ ሆኜ ተከተልሁ። ገመዱ አራት ጊዜ ሲመላለስ ክብደቱ ለአራት ይከፈላል። በእኛ መለኪያ ከ"ለ" አናት ወደ አፍንጫው ያለው ስበት መጀመሪያ ላይ 50 ኪሎ ገደማ ነው፤ ለአራት ሲካፈል 12 ኪሎ ተኩል። መፋተጉ ጥቂት ይጨምርበታል። ዋጋው ደግሞ ገመድ ነው፤ ምሰሶው እስኪቆም 11 ሜትር ያህል መሳብ አለበት። ጉልበት የቆጠበ ሰው በትዕግሥት ይከፍላል። እንጨቱ፣ ብሎኑ፣ ገመዱና መዘውሩ በሙሉ ከ100 ዶላር በታች ፈጀ።

አንድ ነገር ይቀራል፤ ያን ቀን ምሰሶውን የጣለው እሱ ነው። ምሰሶውን ቆሞ ሳለ ከጎን የሚይዙት ሽቦዎች ተኝቶ ሳለ ላልተዋል፤ ስለዚህ በግማሽ መንገድ ላይ ወደ ጎን የሚይዘው የለም። ከቀዶ ሕክምና በኋላ በሽተኛን መጀመሪያ ቀን ስናስነሳ አንድ ሰው ከፊት ቢበቃም ሁለት ሰው ከግራና ከቀኝ እንቆማለን፤ የሚወድቀው ወደ ጎን ነውና። ለምሰሶውም ሁለት ጊዜያዊ የጎን ገመዶች አደረግንለት። ከእግሩ ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ ይታሰሩና ከማጠፊያው ትክክል ግራና ቀኝ ይያዛሉ። በዚያ መስመር ላይ ስለታሰሩ ምሰሶው ከመተኛት እስከ መቆም አይላሉም፣ አይከሩምም።

ምሽት ምሽት እየሠራን አወራት ነበር። ስለ አክሱም ነገርኋት። ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ገደማ እንደሚረዝም፣ ከ500 ቶን በላይ እንደሚገመት፣ ሲያቆሙት ወይም ከቆመ ብዙም ሳይቆይ ወድቆ እንደተሰባበረ ብዙ አጥኚዎች እንደሚያምኑ። ከሮም በ1997 ዓ.ም. የተመለሰው፣ 24 ሜትር ገደማ የሚሆነው ደግሞ በ2000 ዓ.ም. በቦታው እንደቆመ። "የወደቀውን ያቆሙት ሰዎች አፍረው ይሆን?" ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ግን ከሐውልቶቹ መካከል ቆመው የቀሩ እንዳሉ ነገርኋት። ገመድ፣ ቋጠሮ፣ ባላ፣ ማገር፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ መዘውር የሚሉት ቃላት በአንድ ሳምንት ውስጥ ገቡላት። በመጽሐፍ ባስተምራት ዓመት ይፈጅብኝ ነበር።

መጀመሪያ ጓሮ ውስጥ ሦስት ጊዜ ሞከርን። ከዚያ በፊት ግን አንድ ሕግ አወጣን። ማንም ሰው ገመድ ከመያዙ በፊት ሁላችንም አንገታችንን ቀና አድርገን ወደ ላይ እናያለን። አልሙኒየም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ የጀልባ ምሰሶ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነክቶ ሰው የሞተበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። በኤሌክትሪክ የተቃጠለ ሰው አስታምሜያለሁ። የገባበት ቦታ ትንሽ ቁስል ትሆንና ውስጡ የተጎዳው ብዙ ይሆናል። ስለዚህ ቦታው ካልተመቸ፣ ሽቦ በአቅራቢያ ካለ፣ ጀልባዋን ወደ ሌላ ቦታ መጎተት እንጂ "ይደርሳል፣ አይደርስም" ብሎ ክርክር የለም። ሁለተኛው ሕግ ከሚነሳ ምሰሶ ሥር ማንም አይቆምም። ሦስተኛው ደግሞ "ቁም" የሚለውን ቃል ማንም ሊናገረው ይችላል፤ ከተነገረ ግን ሁሉም ይቆማል፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ ከቆመ በኋላ ይጠይቅ። ይህን ሕግ ከቀዶ ሕክምና ክፍል ነው ያመጣሁት። አማቼ እዚህ ላይ ፈገግ አለ። "አውቶቡሱም ላይ ይሄ አለ፤ ደወሉን ማንም ይደውል፣ እኔ እቆማለሁ" አለ።

ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ሄድን። ልጄም መጣች፤ "ለማየት ብቻ" ብላ ነው። ተጎታቹ ከመኪናው ጋር እንደተያያዘ ጎማው ሥር ድንጋይ አደረግን። ወደ ላይ አየን። ምሰሶው ኋላ ባላው ላይ ተጋድሟል። አማቼ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እየዳሰሰ አጣራ። የልጅ ልጄ ከጀልባዋ ፊት፣ መሬት ላይ ቆመች። ምሰሶው ቢወድቅ የሚወድቀው ወደ ኋላ ነውና ከሁላችንም ደህና ቦታ ያላት እሷ ናት። ገመዱ ከአፍንጫው ወርዶ በእጇ ገባ። ተጎታቹ ግንባር ላይ ገመድ የሚጠመጠምበት ባለ ሁለት ቀንድ ብረት አስገጥመናል። እኔ በግራ፣ አማቼ በቀኝ ቆመን የጎን ገመዶቹን እናያለን።

"ሳቢ" አላት። ሳበች። ምሰሶው ከባላው ላይ ተነሳ፤ "ለ" ወደ ፊት መዘንበል ጀመረ። ትስባለች፣ ትይዛለች፣ ትስባለች። ምሰሶው ከፍ ባለ ቁጥር ገመዱ እየቀለለ መሄድ አለበት፤ ይህንንም በጓሮ ልምምዳችን በእጇ አውቃዋለች። ሦስት አራተኛ ላይ ሲደርስ አባቷ "በርቺ፣ ትንሽ ነው የቀረሽ፣ ሳቢ!" አለ።

"ቁም" አለች።

ገመዱን ብረቱ ላይ ጠምጥማ እጇን አነሳች። አባቷ "ምነው? ደከመሽ?" ሲላት "አልደከመኝም፤ ከበደ" አለች። ዞሬ ሳይ የሁለታችንም ዓይን ጎን ገመዱ ላይ ሳለ የኋላው ሽቦ ከጀልባዋ ጀርባ ባለው የሞተር ማንጠልጠያ ላይ ተጠምዶ እንደ ክራር ክር ተወጥሮ ነበር። እሷ ከቆመችበት ቦታ ሊታያት አይችልም፤ በእጇ ነው ያወቀችው። በአራት መዘውር የሚስብ ሰው ሳያውቀው የአራት ሰው ጉልበት እጁ ላይ አለ። ጥቂት ብትስብ ኖሮ ሽቦው ወይ ማንጠልጠያው ይሄድ ነበር። ሽቦው ከላይ ተበጥሶ ሲመጣ ደግሞ ሰው ይቆርጣል።

አማቼ ወደ ኋላ ሄዶ ሽቦውን አላቀቀ። ተመልሶ መጥቶ ቦታው ቆመ። ብዙ አልተናገረም። "አሁን ሳቢ" አላት፤ ድምፁ ግን ሌላ ነበር። ምሰሶው ቆመ። የፊተኛውን ሽቦ አፍንጫው ላይ በብሎን አሰረና ገመዱ ተፈታ። ልጄን ዞር ብዬ ሳይ ስልኳን አውጥታ ፎቶ ልታነሳ ፈልጋ እጇ ይንቀጠቀጣል። አማቼ ሚስቱን አይቶ፣ ልጁን አይቶ፣ "የሚሸጠውን ወረቀት ማን ነው የጻፈው?" አለ። የጻፈው ራሱ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

ይህን ጽሑፍ ለምታነቡ ወላጆችና አያቶች ጀልባ እንደሌላችሁ አውቃለሁ። ታሞ "አታንሳ" የተባለ ሰው ግን በብዙ ቤት አለ። አባወራው ታሞ ሥራው ሁሉ ሲወሰድበት፣ ወይም እናትየው ከእንግዲህ ወጥ ቤት እንዳትገባ ስትባል፣ እኛ ያከበርናቸው ይመስለናል። በሥራዬ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ሰው የሚድነው ሥራውን ስንቀማው ሳይሆን መሣሪያውን ስንቀይርለት ነው። ሃያ ሊትር ጀሪካን የሚያነሱ እናት ካሉ በሁለት ትናንሽ ጀሪካን ይከፋፈልላቸው፤ ወይም የእጅ ጋሪ ይፈለግላቸው። ከመሬት ላይ ተጎንብሰው የሚሠሩትን ወደ ጠረጴዛ አንሱላቸው። አያቶች ደግሞ የልጅ ልጅ ስታነሱ ጉልበታችሁን እጠፉ፣ ልጁን ወደ ደረታችሁ አስጠጉ፣ ይዛችሁ ወገባችሁን አታጣሙ፤ መዞር ካስፈለገ በእግራችሁ ዙሩ።

ስለ ወገብ ሕመም ሳነሳ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ብዙው የወገብ ሕመም በሳምንታት ውስጥ እየተሻለው ይሄዳል፤ ለቀናት ከአልጋ አለመነሳትም አይመከርም። ነገር ግን እግር መስነፍ ከጀመረ፣ በሁለቱ ጭኖች መሐልና በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ ከመጣ፣ ሽንት መያዝ ወይም መሽናት ካስቸገረ፣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ነው። ወጌሻ ዘንድም፣ ማሸትም፣ እስከ ነገ መጠበቅም የለም።

አማቼ አሁን ደህና ነው፤ የታዘዘለትን የሰውነት እንቅስቃሴ ይሠራል፤ ከባድ ነገር አያነሳም። ሁለት ቅዳሜ ተከትያቸው ሄድኩ፤ በሦስተኛው ልጄ በእኔ ቦታ በግራ በኩል ቆመች። የሚወርደውም በዚያው መንገድ ነው፤ ገመዱን ብረቱ ላይ አንድ ዙር እንደጠመጠሙ ቀስ እያሉ መልቀቅ። ማውረድ ከማቆም ይልቅ እንደሚያስቸግር፣ ሰው ሥራው ያለቀ ሲመስለው እጁ እንደሚላላ ነግሬያቸው መጣሁ።

እኔ ከመጣሁ ወዲህ ልጅቷ በስልክ ትጠይቀኛለች፤ የቋጠሮ ዓይነቶች በአማርኛ ምን ምን ይባላሉ? ሸምቀቆ የሚለውን አውቅ ነበር። ሌላውን እየጻፈች ትልክልኛለች፤ እኔ ደግሞ ሠፈራችን ያሉትን ከብት ያረቡ፣ ድንኳን የተከሉ፣ ጭነት ያሰሩ ሽማግሌዎች እየጠየቅሁ እመልስላታለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዱ ገመድ አምጡ ብለው አሥረው አሳዩኝ፤ ፎቶውን ላክሁላት።